ባሕር የሚያጥበው መምህር

መርካቶ የማይሸጥ ነገር የለም ይባላል። እውነት ነው፤ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ እንኳ ፈላጊ አያጣም። ባሕር ግን የሸጠም የገዛም አልነበረም። በደርግ ዘመን ከሲኒማ ራስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ አንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ ግን ባሕር በሳጥን በሳጥን ሆኖ ይገባ ነበር። የሚያስገባውም የጨው ነጋዴው የእንድሪስ ልጅ ኢስሐቅ ነው። የሰፈሩ ሰው፣ ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ ተምሮ መጥቶ የጨው ውሃ ሲሸከም ሲያየው፣ "አባቱ ጨው ሸጠ፣ ልጁ ውሃ ጨመረበት" እያለ ይስቅበታል። ከሳቁት መካከል ግን ሳጥኖቹ ወደሚቀመጡበት ክፍል ብቻውን ደፍሮ የሚገባ አልነበረም።

ኢስሐቅ ከልጅነቱ ጀምሮ ነገር የሚቀምስ ልጅ ነበር። አባቱ ከአፋር የመጣውን አሞሌና ከአሰብ የመጣውን የባሕር ጨው ለየብቻ ቆልለው ሲያስቀምጡ፣ እሱ ዐይኑን ጨፍኖ በምላሱ ይለያቸዋል። "የትኛው ነው ከባሕር የመጣው?" ሲሉት አይስትም። ታናሽ ወንድሙ በሽር ደግሞ ቀምሶ አያውቅም፤ ይሸጠዋል እንጂ። አንዱ ዝምተኛ፣ አንዱ ምላሱ የማያርፍ ነበሩ። በሽር ሰውን ሁሉ እንደ ንግድ አጋሩ "ሸሪክ" ብሎ ነው የሚጠራው። ሸማቹም ሸሪክ፣ ወዛደሩም ሸሪክ፣ ፖሊሱም ሸሪክ። አንድ ጊዜ ቤት ለእንግድነት የመጡትን ትልቅ ሼህ ሳይቀር "ሸሪክ፣ አረፍ ይበሉ" ብሏቸው፣ እናቱ መሊካ በመዳፋቸው አፉን ብለውታል።

ኢስሐቅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኬሚስትሪ አጠና። የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ አሰብ በኩል ደረሰውና ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ በዐይኑ አየ። ምን ተሰማህ ሲባል "ፈራሁ" ነው የሚለው፤ ሌላ አይጨምርም። የፈራውን ነገር ደግሞ ሳያውቀው ማደር አይችልም። ለሶቪየት ኅብረት የትምህርት ዕድል ሲመጣ ሌላው በሕክምናና በምህንድስና ሲሻማ፣ እሱ የባሕር ኬሚስትሪ መረጠ። የተሻማው ሰው አልነበረም፤ ጥቁር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ኦዴሳ ተላከ።

ጥቁር ባሕር ጉደኛ ነው። ላዩ እንደ ማንኛውም ባሕር ዓሣም ማዕበልም አለው። ወረድ ሲባል ግን ውሃው ውስጥ ያለው አየር ያልቃል፤ ከዚያ በታች እስከ ወለሉ ድረስ የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸት፣ ዓሣ የማይደርስበት ጨለማ ነው። አስተማሪው ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ነበሩ። "እዚያ ታች እንጨት የሚበላ ትል እንኳ የለም። ድሮ የሰመጠ መርከብ ምሰሶው ሳይነካ ቆሟል" አሏቸው ለተማሪዎቹ። ኢስሐቅ እጁን አውጥቶ፣ የሰመጠ ሰውስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ባሕሩ አይተው ሲያበቁ፣ "ይጠብቃል" አሉት። ክፍሉ ውስጥ አንድም ተማሪ አልሳቀም።

እሱ ኦዴሳ እያለ መርካቶ ውስጥ ቀይ ሽብር ወረደ። በሽር ፖለቲካ አያውቅም፤ አፉ ግን አላረፈም። አንዱን የአብዮት ጥበቃ "ሸሪክ፣ ጠመንጃው ከበደህ እንዴ?" ብሎ ቀለደበት። ቀልድ የሚያስገድልበት ጊዜ ነበርና ሊይዙት ሲመጡ አላገኙትም፤ ለጭነት በምትወርድ መኪና ተሳፍሮ አሰብ ገብቷል። ከዚያ ሳንቡክ በሚሉት የእንጨት ጀልባ ወደ የመን ሊሻገር ነበር። አሰብ መድረሱ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወሬው ጠፋ። አባቱ እንድሪስ ሥራቸውን ትተው በሩ አጠገብ መቀመጥ አበዙ። የእንድሪስ ነፍስ የወጣችው በልብ ሳይሆን በጆሮ ነው ይላል የሰፈሩ ሰው፤ ኮቴ ሲያዳምጡ አለቁ።

ኢስሐቅ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ የጠበቁት እናቱ ብቻ ነበሩ። መሊካ የዋዛ ሴት አይደሉም። በሙሽርነት ከወሎ መርካቶ ከገቡ ጀምሮ በዚያ አካባቢ የሞተች ሙስሊም ሴት ሁሉ የምትታጠበው በእሳቸው እጅ ነው። እጃቸው ሬሳ አይፈራም፤ አንደበታቸውም ሰው አይፈራም። ልጃቸውን አገላብጠው ስመው ክንዱን ጨብጠው ያዙት።

"ባሕሩን ተማርከው?"

"ተማርኩት እማ።"

"ውስጡን?"

"ውስጡን።"

"እንግዲያው ስማኝ። ይኼ ሰፈር መላ ቅጡን አሳጥቶኛል። አንዱ ሞቷል ይለኛል፣ አንዱ ጅዳ ታየ ይለኛል። ከዛሬ ወዲያ የማምነው አንተን ነው። ወንድምህን ባሕር ወስዶት ከሆነ ባሕሩን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ትነግረኛለህ። ዝም ካልክ በሽር አለ ማለት ነው።"

ኢስሐቅ "እሺ" አለ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ገና ደጃፍ ላይ ቆሞ እናቱን ምን ይበላቸው? በኋላ ግን በዕድሜው ከተናገረው ቃል ሁሉ እንደዚያች "እሺ" የከበደችው አልነበረችም።

ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ የሚከፍተው በአንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ጨው ይጨምርና እያማሰለ "የት ሄደ?" ይላል። "ሟሟ" ይሉታል ተማሪዎቹ። "ሟሟ ማለት ጠፋ ማለት ነው? ባሕር ምንም ነገር አያጠፋም። የገባበትን ሁሉ ይዞ ያማስላል። ከአሰብ ቅዱ፣ ከውቅያኖስ መካከል ቅዱ፣ ጨዉ ይበዛ ያንስ እንደሆነ እንጂ የጨዎቹ ድርሻ እርስ በርስ ያው ነው። ለምን? ሲማሰል ስለኖረ።" ይህንን ቤት ውስጥ እየተንጎራደደ ሲለማመድ መሊካ ምስር እየለቀሙ ይሰሙታል። "ወጥ ለማማሰል ነው ሩሲያ ድረስ የሄድከው?" ይሉታል። ይስቃል፤ እሳቸው ግን የሰሙትን የሚረሱ ሴት አይደሉም።

ጥናቱ የቀይ ባሕር ውሃ ላይ ነበርና ትምህርት ሲዘጋ አሰብ ይወርዳል። ዕቃ የጠፋበት ዘመን ስለሆነ የናሙና ጠርሙስ እንኳ አልነበረም። ምናለሽ ተራ ሄዶ የሽሮፕ፣ የአረቄ፣ የሽቶ፣ ያገኘውን ጠርሙስ ሁሉ ለቃቅሞ በአሲድ ያጥባል። ውታፉን በረባሶ የሚሠራ ሰው ከአሮጌ ጎማ እየቆረጠ ይሰጠዋል። ውሃውን የሚያመጣለት አሸብር የሚባል የተሳቢ ሾፌር ነው፤ የእንድሪስን ጨው ሲያመላልስ የኖረ ሰው። ነዳጅ በኩፖን ነበርና ተሳቢው ከመርካቶ አያልፍም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው መኪና እስኪልክ ድረስ ሳጥኖቹ የሚቆዩት ባዶ በሆነው በበሽር ክፍል ውስጥ ነው።

"ዶክተር፣ ይኼ ነገርህ ግን ጤነኛ ነው?" አለው አሸብር አንድ ቀን ሳጥን እያወረደ። "ዳገቱን ስንጨርስ ከኋላ ሲተነፍስብኝ ነው የመጣሁት።"

"አየሩ ነው ጋሼ አሸብር።"

"እኔ ስንት ዓመት አየር ጭኛለሁ፤ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።"

አሸብር አላጋነነም። ባሕር ወለል ላይ የታሸገ ጠርሙስ ወደ ደጋ ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና ውታፉን ይገፋል። ሲከፍቱት "እፍፍፍ" ብሎ ይወጣል፤ ረጅም መንገድ ተጉዞ ቁጭ ያለ ሰው እንደሚተነፍሰው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ደግሞ ውታፎቹ በየተራ "ቀጭ" ይላሉ። ኢስሐቅ ይህን ሁሉ በቀመር ሰሌዳ ላይ ማስረዳት ይችላል። ያም ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ራሱንም አልጠየቀም።

በሁለተኛው ክረምት አሰብ ላይ ጀልባ ያከራዩት ሰው፣ ናኹዳ የሚሏቸው የሳንቡክ አለቃ ነበሩ። ከወደቡ ርቀው ውሃ መቅዳት ጀመረ። የያዘው ጠርሙስ ሰማያዊ ነው፤ ቀድሞ መድኃኒት የነበረበት። ሞልቶ ውታፉን ሲገጥም ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት።

"አንተ የመርካቶ ልጅ ነህ?"

"በምን አወቁ?"

"አነጋገርህ። አንድ የመርካቶ ልጅ አውቅ ነበር። ሁላችንንም ሸሪክ ነበር የሚለን። ወደብ ላይ ሞተሩ እምቢ ሲለን ሞተሩንም ሸሪክ ብሎ ለምኖታል።"

ሽማግሌው ሳይጠየቁ ቀጠሉ። ሁለት ሳንቡክ አብረው ተነሥተው ነበር፤ ልጁ የፊተኛው ላይ፣ እሳቸው የኋለኛው ላይ። ነፋስ መጣና የፊተኛው ተገለበጠ። "ደረስን፤ አላዳንንም" አሉ። "እጁን አንሥቶ ሲጣራ አየሁት። ማንን እንደሚጣራ ነፋሱ አላሰማኝም። ከዚያ ውሃው እንደ አሁኑ ዝም አለ።"

"የት ቦታ ነው?" አለ ኢስሐቅ።

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ፤ ተራራውን አዩ፤ ደሴቷን አዩ።

"እዚሁ የቆምንበት" አሉ።

አዲስ አበባ ተመልሶ ሰማያዊውን ጠርሙስ ላብራቶሪ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ከፈተው። "እፍፍፍ" አለ። ምክንያቱን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረም፤ ያም ሆኖ ጠርሙሱን አስቀምጦ ከክፍሉ ወጣ። ሲመለስ ለካው። ደግሞ ለካው። ቁጥሩ ከሌሎቹ ጠርሙሶች ጋር አንድ ነው፤ ሽራፊ እንኳ ልዩነት የለውም። ምን እንደጠበቀ እሱም አያውቅም። ወንድሙ የሰመጠበት ውሃ ከሌላው ውሃ በአንድ ነገር ቢለይ ግን ደስ ባለው። ከዚያ፣ ሙያው ያስለመደው ነውና፣ አስልቶ ጨረሰው፤ አንድ ሰው በባሕር ውስጥ ቢሟሟና ባሕሩ ቢያማስለው እያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ ስንት ቅንጣት እንደሚደርስ። የወጣው ቁጥር ዜሮ አልነበረም። ለዜሮም የቀረበ አልነበረም። ያን ቀን ለምሳ የቀረበለትን ሳይነካ ተነሣ።

ለእናቱ ግን አልነገራቸውም። መሊካ ልባቸው ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳያገኛቸው ብሏል። ከዚያ በላይ ደግሞ ቃሉ አፉ ውስጥ ሲመጣ ያቺ የደጃፏ "እሺ" ትመለስበታለች። ሆድ ከአገር ይሰፋል እንዲሉ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ክፋቱ ዝምታው ዝምታ ብቻ አለመሆኑ ነው። መሊካ በዝምታው ነበር የሚኖሩት። ጎረቤት "ኸረ እትዬ መሊካ፣ እርምዎን ያውጡ፣ መጠበቁ ይብቃዎት" ሲላቸው፣ "የባሕሩ መምህር ምን አለ? ምንም። ስለዚህ ልጄ አለ" ይላሉ። ለበሽር ጋቢ ያስፈትላሉ፣ በየረመዳኑ ድርሻውን ከድነው ያስቀምጣሉ፣ ራሳቸው ግን ከዓመት ዓመት እየከሱ ሄዱ። የሰው ሬሳ አጥበው ሲመለሱ እጃቸውን እያዩ ይቀመጣሉ። ኢስሐቅ ሲነግራቸው የሚሞቱ፣ ሳይነግራቸው የሚያልቁ ይመስለው ነበር።

እየቆየ ደግሞ መሊካ መስገጃቸውን ይዘው የበሽር ክፍል ውስጥ መስገድ ጀመሩ።

"እማ፣ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ይሸትሻል።"

"ትንፋሽ ያለበት ክፍል ይሻለኛል።"

"ትንፋሽ አይደለም። ቆላ ላይ የታሸገ አየር ደጋ ሲወጣ..."

"ታዲያ ትንፋሽስ ምንድን ነው?" አሉት።

ሰማያዊው ጠርሙስ ላብራቶሪ አልቀረም፤ ኢስሐቅ ሊደፋው እጁ አልታዘዘለት ብሎ፣ የተረፈውን ይዞ መጥቶ በዚያው ክፍል መደርደሪያ ጥግ አጋድሞ አስቀምጦታል። የጎማ ውታፉ ከጊዜ በኋላ ተሰነጠቀና ውሃው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። መደርደሪያው ላይ ነጭ የጨው ክብ ሠራ። "ይኼኛው ያለቅሳል" አሉ መሊካ እያለፉ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ውሃው ሳያልቅ ወደ ሌላ ጠርሙስ ሊያዛውረው ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀመጠ። የሙያው ሕግ አለ። ውሃ ወደ አዲስ ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት ጠርሙሱ በዚያው በራሱ ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል፤ የሌላ ነገር ርዝራዥ እንዳይቀር። ኦዴሳ ላይ ሽማግሌው አስተማሪው እጁን ይዘው ያስለመዱት ነው። እጅጌውን ሰበሰበ። በልማዱ "ቢስሚላህ" አለ። ጥቂት ውሃ አስገባና ጠርሙሱን በቀኝ ጎኑ አጋደመው፣ ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አዞረው፣ ከዚያ ውሃውን ሳያስረጭ መሬት ላይ አፈሰሰው። አንድ። ለሌላ ውሃ ቢሆን በችኮላ ያደርገው ነበር፤ ለዚህ ግን መቸኮል አልቻለም። ሁለት። አንገቱን ደፍቶ፣ ጠርሙሱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ሦስት።

መሊካ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ስንት ሬሳ ያጠቡ ሴት ናቸው። በቀኝ ተጀምሮ ወደ ግራ ሲዞር፣ ውሃው ሳይረጭ ሲፈስ፣ ሦስት ሲሞላ ምን እንደሆነ ማንም አይነግራቸውም።

"ካፉሩስ?" አሉ።

ኢስሐቅ ቀና አለ።

"መጨረሻው ውሃ ላይ የሬሳው ሽቶ፣ ካፉሩ ይገባል። ረሳኸው።"

"እማ፣ ምን እያልሽ ነው?"

"ወንድምህን እያጠብክ ነው" አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም።

የጠርሙስ ሕግ ነው ቢላቸው ይበቃ ነበር። ውሸትም አልነበረም። አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልመጣም። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝም ማለቱ በሽር አለ ማለት ነበር። ያን ረፋድ ግን ያው ዝምታ ሌላ ነገር ተናገረ፤ መሊካም ሰሙት።

ጫማቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። "መቼ አወቅክ?"

"ቆይቷል።"

"ጨካኝ" አሉት። "እኔ የሰውን ልጅ ሳጥብ፣ የእኔ ልጅ ያጣቢ ያለህ እያለ እዚህ መደርደሪያ ላይ..." ኢስሐቅ ከዱካው ወርዶ አጠገባቸው ተንበረከከ። እንደሚገፈትሩት ነበር የጠበቀው፤ እሳቸው ግን ጠርሙሱን ከእጁ ወስደው ወደ ብርሃን አነሡት። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ምንም አይታይበትም።

"ባሕር ያማስላል አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"አያጠፋም አላልክም?"

"ብያለሁ እማ።"

"እንግዲያው እዚህ ውስጥ አለ።"

የሒሳቡ መልስ ትዝ አለው። ቢፈልግም አይ ሊላቸው አይችልም ነበር። "አለ" አለ፤ "ግን በጣም ትንሽ ነው።"

"ስወልደውም ትንሽ ነበር" አሉ መሊካ። ተነሥተው ከሙዳያቸው ካፉር አመጡና ፍርፍር አድርገው ሰጡት። "ወንድን የሚያጥብ ወንድ ነው። ጨርስ።" ኢስሐቅ እያለቀሰ ጨረሰ። ናሙናው ለጥናት የማይሆን ሆነ።

መሊካ እንደተፈራው አልሞቱም። እንዲያውም ለቅሶ ተቀመጡ፤ ልብ ብሎ ያየ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል መቅመሳቸውን አይቷል። የሰፈሩ ሼህ ጁነዲን መጥተው ነገሩን ሲሰሙ፣ "ውሃ ጀናዛ አይሆንም መሊካ፤ ሬሳው ለሌለ ግን ሶላት አለው። በውሃ የሞተም ሸሂድ፣ ሰማዕት ነው" አሏቸውና ተሰገደለት። ከቀበሌም አንዱ መጥቶ የማን ለቅሶ እንደሆነ ጠየቀ። "የልጄ" አሉት። "ሬሳው የት አለ?" ሲላቸው መሊካ ወደ ክፍሉ ጠቆሙት። ሰውየው ገባ፤ ሳጥኖቹን አየ፤ ከሰዓት በኋላ ነበርና ውታፎቹ "ቀጭ... ቀጭ" ይላሉ። ሳይሰናበት ሄደ፤ ሌላም አልላከም።

መርካቶ ወሬ አያድርም። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ኢስሐቅን "ባሕር የሚያጥበው መምህር" ይለው ጀመር። አሁን ግን ማንም አይስቅም፤ ሲያልፍ ሰው ይነሣለታል። እሱ ይህን ጠላው። ዕድሜውን የሰጠው ለመለካት ነው፤ ሬሳ አጣቢ ለመሆን አይደለም። ተማሪዎቹም አንድ ነገር አስተውለዋል። ላብራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ የለቀለቀበትን ውሃ ገንዳ ላይ መድፋት ትቶ ነበር፤ በአንድ ባልዲ እያጠራቀመ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ነው የሚያፈስሰው።

አሸብር አዲስ ሳጥን ያወረደበት ቀን፣ ከሰዓት በፊት፣ አንዲት ሴት በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ከጀርባቸው ባለው ግቢ የምትኖር ወሰንየለሽ የምትባል መበለት ናት። ክርስቲያን ናት፤ ለበሽር ለቅሶ ግን ቀድማ ደርሳ ከመሊካ በላይ ስታለቅስ ሰው ሁሉ ተገርሟል። አሁን አታለቅስም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ኢስሐቅ ፊት ቆመች።

"መምህር፣ የእኔንም እጠብልኝ።"

"ማንን እትዬ?"

"ልጄን ከተማን። በዚያ በሽብሩ ጊዜ ከቤት ወሰዱት፤ ይመለሳል ብለውኝ አልተመለሰም። ሬሳውን ስጡኝ ስል የለም አሉኝ። ላልቅስ ስል እንዳትሞክሪው አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀስኩም። ለበሽር ነው ያለቀስኩት።"

"እትዬ ወሰንየለሽ" አለ ኢስሐቅ በለሆሳስ፣ "ይኼ ከአሰብ የመጣ ውሃ ነው።"

"አውቃለሁ። የእኔ ልጅ ባሕር አላየም።"

"ከተማ እዚህ ውስጥ የለም።"

"የት ነው ታዲያ?" አለችው።

ክርክር አልነበረም። ከልቧ ነው የጠየቀችው፤ እንደሚያውቅ ሰው ቆጥራው። ኢስሐቅ የወንዝ ሁሉ ጨው የት እንደሚገባ ያውቃል፤ ዝናብ ከተራራ ያጠበው ሁሉ የት እንደሚደርስ ያውቃል። ለዚህ ጥያቄ ግን የሚመልሰው አልነበረውም። የሌለን ነገር አለ ማለት ለእሱ ትልቁ ነውር ነው፤ እናትን ልጅሽ የትም የለም ማለት ደግሞ ከነውር ይከፋል። እናቱን አየ። መሊካ ዱካውን አምጥተው ከኋላው አስቀመጡለት።

ተቀመጠ። ከሳጥኑ አንድ ጠርሙስ አንሥቶ ውታፉን ነቀለ፤ እጅጌውን ሰበሰበ።

"ስሙን ልጥራው?" አለች ወሰንየለሽ። "ከወሰዱት ወዲህ ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።"

"ይጥሩት" አላት። አንቺ ማለት ከበደው።

"ከተማ!" አለች። መጀመሪያ ድምፅዋ ተሰበረ። ከዚያ አጥሩን አልፎ እስከ አስፋልቱ እስኪሰማ፣ "ከተማዬ! ከተማ!" ብላ ጠራችው። መንገዱ ላይ ወዛደር ሸክሙን እንደተሸከመ ቆመ። አንድ በር ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ያ ሁሉ የመርካቶ ግርግር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለአፍታ ጸጥ አለ።

ጸጥታው ውስጥ ከወዲያ ማዶ ካለ ግቢ አንድ ሌላ የሴት ድምፅ፣ "ቶላ!" ብሎ ተጣራ። ማን እንደሆነች አይታይም። ከእሷ ቀጥሎ ከአማኑኤል በኩል ሌላዋ የልጇን ስም ጠራች፤ ከዚያ አንዲት አሮጊት፣ ከዚያ ሌላ። እየቀረበ፣ እየራቀ፣ ከቆርቆሮው ሥር ሁሉ ስም ይወጣ ጀመር። ኢስሐቅ የመጀመሪያውን ውሃ እያፈሰሰ ወደ ሳጥኑ ዞር ብሎ አየ። የቀሩት ጠርሙሶች ለስሞቹ አይበቁም ነበር።